በድሬ ሙቀት፣ በሐረር ብርድ፦ ለቤት ቢራ እርሾ መምረጥና የተኛ ቢራ መቀስቀስ

«እርሾውን ከጨመርኩ ሦስት ቀን ሞላኝ፣ ምንም የለም። ልድፋው?» ቤቱ ቢራ የሚጠምቅ ሰው ሲደውልልኝ አብዛኛውን ጊዜ ጥያቄው ይሄ ነው። መልሴም አንድ ነው። አቦ፣ እንዳትደፋው! መጀመሪያ ለካ።

እኔ ድሬዳዋ ነኝ። አክስቴ ሐረር፣ ሸዋ በር አካባቢ ትኖራለች። በመካከላችን ሃምሳ ኪሎ ሜትር ምናምን ነው፤ ሚኒባሱ ደንገጎን ወጥቶ ሲጨርስ ግን አየሩ ሌላ አገር ይሆናል። ድሬ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፣ ሐረር ወደ 1,900 ሜትር ትጠጋለች። አንድ ዓይነት እርሾ፣ ከአንድ ድስት የወጣ ፈሳሽ፣ ሁለቱ ከተሞች ላይ ሁለት የተለያየ ቢራ ሲሆን በዓይኔ አይቻለሁ። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ይሄን ያዙልኝ፦ እርሾ የሚመረጠው በስሙና በዝናው ሳይሆን በቤታችሁ ሙቀት ነው። ቢራ ተኛ (መፍላቱን ሳይጨርስ ቆመ) ብላችሁ ከምትደነግጡባቸው ጊዜያት ብዙዎቹም መነሻቸው እዚሁ ምርጫ ላይ ነው።

ቤታችሁን ለኩ

እርሾ ከመግዛታችሁ ወይም ከውጭ ከማስመጣታችሁ በፊት ባልዲው የሚቀመጥበትን ቦታ ምረጡ። ሁለት ሊትር ውሃ በጀሪካን ሞልታችሁ እዚያው አስቀምጡና ቴርሞሜትር ክተቱበት። ለሁለት ቀን ጠዋት 12 ሰዓት፣ ቀን 9 ሰዓትና ማታ 4 ሰዓት ላይ ያሳየውን ጻፉ። የክፍሉን አየር አትለኩ። አየር ቶሎ ይሞቃል፣ ቶሎ ይበርዳል፤ ቢራችሁ የሚመስለው ውሃውን ነው።

አሁን በዚያ ቁጥር ላይ ከሦስት እስከ አምስት ዲግሪ ጨምሩ። እርሾ ሲሠራ ራሱ ሙቀት ያወጣል። ክፍሉ 24 ከሆነ የባልዲው ሆድ በሁለተኛው ቀን 28 ሊገባ ይችላል።

ይሄን ሳላውቅ በፊት ግንቦት ላይ 20 ሊትር ጠምቄ ነበር። ቬንትሌተሩ ይዞራል፣ ግድግዳው ግን ማታም ይሞቃል። ቢራው በአንድ ቀን ተኩል ፈልቶ አለቀ፤ እኔም ደስ አለኝ። ስቀምሰው ጉሮሮ የሚያቃጥል ነገር ነበረው፣ ሽታው የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ። አንድ ብርጭቆ ጠጥቼ በማግስቱ ራሴን ሲያመኝ ዋለ። እርሾ ከአቅሙ በላይ ሲሞቅ ከባድ አልኮሎችን ያመርታል፣ የፍራፍሬና የሟሟ ሽታም ያበዛል፤ ያ ደግሞ በቆይታ አይጠፋም። ድሬ ላይ የፍጥነት ችግር የለብንም። የኛ ችግር መቸኮሉ ነው። የሐረር ሰው ችግር ደግሞ መዘግየቱ።

የትኛው እርሾ ለየትኛው ቤት

የቢራ ደረቅ እርሾ በ11 ወይም በ11.5 ግራም ከረጢት ይመጣል፤ አንዱ ከረጢት መካከለኛ ጥንካሬ ላለው 20 ሊትር ይበቃል። ውጭ አገር ዘመድ ላለው ሰው ቀላል ነው፣ አንድ ፖስታ ውስጥ አምስት ከረጢት ይገባል። ብቻ በሻንጣ ከርሞ፣ በሙቅ መኪና ተጉዞ የመጣ እርሾ ደካማ ነው ብላችሁ አስቡ። እጃችሁ እንደገባ ፍሪጅ ውስጥ አስገቡት።

*ዩኤስ-05።* ጣዕሙ ንጹህ ነው፣ ብቅሉና ሆፑ (ለቢራ መራራ ጣዕሙን የሚሰጠው ተክል) እንዲወጡ ይለቃል። ከ18 እስከ 26 ዲግሪ ይሠራል፤ እኔ ግን ሆዱ ውስጥ ከ21 እንዲያልፍ አልፈቅድም። ከስኳሩ 80 በመቶ ገደማ ይበላል። ሲዘቅጥ ቀስ ይላል፣ ቢራው ለመጥራት ጊዜ ይወስዳል። ለሐረር ቤት የመጀመሪያ ምርጫዬ ነው።

*ኤስ-04።* የእንግሊዝ ዝርያ ነው፣ ትንሽ የፍራፍሬ ሽታ አለው። ቶሎ ይነሳል፣ ቶሎ ይዘቅጣል፣ ከባልዲው ሥር እንደ ሊጥ ይጣበቃል። ይሄ ጠባዩ ቢራውን ቶሎ ያጠራዋል፤ ብርድ ከነካው ግን ሥራውን ሳይጨርስ ወርዶ ይተኛል። ከሌሎቹ ሁሉ «ቆመብኝ» የሚያሰኘኝ እሱ ነው።

*ኖቲንግሃም።* ከ10 እስከ 25 ዲግሪ ድረስ ይሄዳል። ብርድ ይችላል፣ ጠንካራ ነው፣ የቆመ ቢራ ለማስነሳትም ጥሩ ነው። አክስቴ ቤት ታኅሣሥና ጥር ላይ ሌሊቱ ሲበርድ የምተማመነው በሱ ነው።

*ቮስ ክቬይክ።* ይሄ የድሬ እርሾ ነው፣ ሌላ ቃል የለኝም። ከምዕራብ ኖርዌይ የመጣ ነው። እዚያ የገጠር ሰዎች ለዘመናት ከጥምቅ ወደ ጥምቅ እያሻገሩ፣ በእንጨት ላይ እያደረቁ አቆይተውታል፤ የኛ እናቶች የጋኑን አሻራ እንደሚያቆዩት ማለት ነው። ከ25 እስከ 40 ዲግሪ ይሠራል፣ ይበልጥ የሚወደውም ከ35 በላይ ነው። ሌላው እርሾ በሚበላሽበት ሙቀት እሱ ቀለል ያለ የብርቱካን ሽታ ይሰጣል። ግንቦትና ሰኔ ድሬ ላይ ያለ ፍሪጅ መጥመቅ የሚፈልግ ሰው ሌላ አይሞክር። ሐረር ወስዳችሁ 18 ዲግሪ ላይ ብታስቀምጡት ግን ይጎተታል፣ ከዚያ «ቀርፋፋ እርሾ» ትሉታላችሁ።

*ቤል ሴዞን።* እስከ 35 ዲግሪ ይችላል፣ ቢራውን በጣም ያደርቀዋል። ሌላው እርሾ የሚተወውን ረጅም ስኳር ሰባብሮ ስለሚበላ ለሳምንታት ቀስ እያለ መሥራቱን ይቀጥላል። ቸኩላችሁ ጠርሙስ ውስጥ ካስገባችሁት አደገኛ ነው። የነካውን ቱቦና ባልዲ በደንብ ካላጠባችሁ ደግሞ ቀጣዩ ጥምቃችሁ ውስጥም ይገባል።

*ደብሊው-34/70።* የላገር፣ ማለትም በቅዝቃዜ ቀስ ብሎ የሚፈላ ቢራ፣ እርሾ ነው። እኛ ከልጅነት የምናውቀው የፋብሪካ ቢራ ጣዕም፣ ሐረር ቢራን ጨምሮ፣ በአብዛኛው የላገር ጣዕም ስለሆነ ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚመኘው እሱን ነው። ፋብሪካው ግን የሚቀዘቅዝ ታንከር አለው። ይሄ እርሾ ከ12 እስከ 18 ዲግሪ ይፈልጋል። የተለየ ፍሪጅና የሙቀት መቆጣጠሪያ ከሌላችሁ ድሬ ላይ አትልፉ።

የዳቦ እርሾስ? ይፈላል፣ አልኮልም ይሰጣል። ግን በደንብ አይዘቅጥም፣ ቢራው ዳቦ ዳቦ ይላል። ችግር ሲመጣ ለሌላ ሥራ ይጠቅመናል፣ እመለስበታለሁ።

በራሳችሁ ድስት ማወዳደር

ከላይ የጻፍኩት የኔ ምላስ ነው። የናንተን ለማወቅ አንድ ጥምቅ ከፋፍላችሁ ሞክሩ፤ አንድ ቀን ይፈጃል፣ ለዓመታት ያስተምራል።

20 ሊትር ዎርት አዘጋጁ። ዎርት ማለት ከብቅሉ ጠልሎ፣ ከሆፕ ጋር ተቀቅሎ የቀዘቀዘው ጣፋጩ ፈሳሽ ነው። ሆፕ ካጣችሁ በጌሾም ይቻላል፣ ግን ለማወዳደር ሲሆን መጠኑን ቀለል አድርጉት፤ ጌሾ ሲበዛ የእርሾውን ልዩነት ይሸፍነዋል። ከዚያ ባለ 6 ወይም ባለ 10 ሊትር አራት ዕቃ ያዙ፣ ከፊራ ገበያ የሚሸጠው ባለ ክዳን ፕላስቲክ ይሆናል። በእያንዳንዱ አምስት አምስት ሊትር ቅዱ። ላዩ ላይ ባዶ ቦታ ይኑር፣ አረፋው ይነሳል። ዕቃውን አስቀድማችሁ በቀጭን በረኪና ዘፍዝፋችሁ፣ ከዚያ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ደጋግማችሁ እጠቡ። የበረኪና ሽታ ትንሽ እንኳ ከቀረ ቢራው መድኃኒት መድኃኒት ይላል።

እርሾውን በግራም ሚዛን ለኩ፣ ለእያንዳንዱ 3 ግራም። በዓይን አትገምቱ። አንዱ ላይ ሁለት፣ አንዱ ላይ አራት ግራም ከገባ የምታወዳድሩት መጠን ይሆናል፣ ዝርያ አይሆንም። አራቱንም አንድ ትልቅ ሳፋ ውስጥ፣ እስከ ወገባቸው በውሃ ውስጥ አቁሙ። ውሃው ሙቀታቸውን አንድ ያደርጋል። ድሬ ላይ ከሆናችሁ በሃይላንድ ጠርሙስ ውሃ አቀዝቅዙና ጠዋትና ማታ በረዶውን ሳፋው ውስጥ እየቀያየራችሁ ክተቱ፤ ላዩን እርጥብ አቡጀዲ አልብሳችሁ ቬንትሌተር ብታዞሩበት የበለጠ ይወርዳል። ከሁሉ የሚያስፈልገው የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀን ነው። መጥፎው ጣዕም የሚፈጠረው ያኔ ነው። ከዚያ በኋላ ትንሽ ቢሞቅም አይጎዳም፣ እንዲያውም ሥራውን እንዲጨርስ ይረዳዋል።

በደብተር አራት ነገር ጻፉ፦ አረፋው መቼ እንደታየ፣ የየቀኑን ሙቀት፣ በ3ኛው፣ በ5ኛው፣ በ7ኛውና በ10ኛው ቀን ሃይድሮሜትሩ (የፈሳሹን ጥግግት የሚለካው ተንሳፋፊ መለኪያ፤ ስኳሩ ሲበላ ቁጥሩ ይወርዳል) ያሳየውን፣ እና ሽታውን። ሽታውን በራሳችሁ ቃል ጻፉ። እኔ አንዱን «የደረቀ ሙዝ»፣ ሌላውን «የረጠበ እንጀራ» ብዬ ጽፌዋለሁ፣ ዛሬም ሳነበው ጣዕሙ ይመጣልኛል። ሲቀመስ ብርጭቆዎቹ ሥር ቁጥር ይለጠፍና የቀዳው ሰው ሌላ፣ የሚቀምሰው ሌላ ይሁን። ስሙን እያወቃችሁ ከቀመሳችሁ የወደዳችሁት ከረጢት ያሸንፋል።

እንዳይተኛ ከመጀመሪያው

ደረቁ እርሾ ፍሪጅ ውስጥ ከከረመ አውጡትና ክፍሉን ይልመድ። ከዚያ ፈልቶ ወደ 30 ዲግሪ የቀዘቀዘ ውሃ በክብደቱ አሥር እጥፍ ለኩ፤ ለ11.5 ግራም 115 ሚሊ ሊትር አካባቢ ነው። ላዩ ላይ በትኑት፣ 15 ደቂቃ ተዉት፣ በቀስታ አማስሉ። ክሬም መስሎ ካበጠ ሕይወት አለው። ውሃ ሆኖ ከሥሩ ዱቄት ከተኛ ተጠራጠሩ፤ ጥቂት ስኳር ጣል አድርጉበትና ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። አረፋ ካላወጣ ሌላ ከረጢት ክፈቱ።

ዎርቱ ከእርሾው ብዙ እንዳይሞቅ ወይም እንዳይበርድ። ሐረር ሌሊት ያደረ የ14 ዲግሪ ዎርት ላይ የ30 ዲግሪ እርሾ ብትደፉ ይደነግጣል፣ ግማሹ እዚያው ይቀራል። እርሾው ከመግባቱ በፊት ዎርቱን ከዕቃ ወደ ዕቃ ከከፍታ እየገለበጣችሁ አረፋ አስነሱ፣ አየር ይግባበት። አየር የሚያስፈልገው ያኔ ብቻ ነው። መፍላት ከጀመረ በኋላ አየር ካስገባችሁበት ቢራው የእርጥብ ካርቶን ጣዕም ያመጣል።

የድሬ ውሃ ካልካማ መሆኑንም አስታውሱ፤ ማንቆርቆሪያችሁ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ነገር እሱ ነው። ለብቅል ዝፍዝፍ የምትጠቀሙበትን ውሃ በዋዜማው አፍልታችሁ፣ አስተኝታችሁ ከላይ ከላይ ብትቀዱ ብዙው ካልክ ከሥር ይቀራል፣ ብቅሉም ስኳሩን በደንብ ይለቃል።

ቢራው ሲተኛ

አሁን ወደ ስልኩ ጥያቄ። በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱ፣ አትዝለሉ።

1. *ጠብቁ።* እርሾው ከገባ በኋላ 24 ሰዓት ዝም ቢል ጤነኛ ነው። በብርድ ደግሞ እስከ 72 ሰዓት አልደነግጥም። ከሦስት ቀን በኋላ አረፋም የለ፣ ሽታም የለ፣ የሃይድሮሜትሩ ንባብም ካልተነቃነቀ እርሾው ሞቷል፤ ያኔ ወዲያው አዲስ ጨምሩ።

2. *አረፋውን አትመኑ፣ ለኩ።* ጋዙን ከባልዲው የሚያወጣው ቱቦ ውሃ ያለበት ጠርሙስ ውስጥ ቡልቅ ቡልቅ አለማለቱ ምንም አያረጋግጥም። ክዳኑ በአንድ ጎን ትንሽ ቢከፈት ጋዙ በዚያ ይወጣል። ሃይድሮሜትር አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚገዛው። መነሻው 1.050 ከነበረና እርሾው 75 በመቶ የሚበላ ከሆነ መድረሻው 1.012 አካባቢ ነው፤ 80 በመቶ የሚበላው 1.010 ይደርሳል። በሁለት ቀን ልዩነት ሁለት ጊዜ ለኩ። ከወረደ፣ በአንድ ነጥብም (ለምሳሌ ከ1.013 ወደ 1.012) ቢሆን፣ ቢራው እየሠራ ነው። ተዉት።

እዚህ ላይ የድሬ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ብዙ ሃይድሮሜትሮች የተስተካከሉት ለ20 ዲግሪ ነው። ፈሳሹ 30 ዲግሪ ሆኖ ከለካችሁት 2 ወይም 3 ነጥብ ዝቅ አድርጎ ያሳያችኋል። 1.012 አየሁ ስትሉ እውነቱ 1.014 ወይም 1.015 ሊሆን ይችላል። የለካችሁበትን ፈሳሽ ፍሪጅ ውስጥ አቀዝቅዙ፣ ጋዙን በማማሰል አስወጡ፣ ከዚያ ለኩ።

3. *አሙቁት፣ ቀስቅሱት።* ሐረር ላይ ብዙው ችግር እዚህ ይፈታል። አክስቴ ቤት ጥር ላይ ያስቀመጥኩት ኤስ-04 1.022 ላይ ስምንት ቀን ቆሞ ቀረ። ስነግራት «አንተ ልጅ፣ ጠላም እኮ ሲበርደው ይተኛል፤ ወደ ምድጃው አስጠጋው ብዬህ አልነበር?» አለችኝ። ልክ ነበረች። ባልዲውን ከሲሚንቶው ወለል አንስተን ጣውላ ላይ አደረግነው፣ በጋቢ ጠቀለልነው፣ ማድ ቤት ከምድጃው ራቅ አድርገን አስቀመጥነው። ሁለት እጀታውን ይዤ በቀስታ አሽከረከርኩት፣ ክዳኑን ሳልከፍት፣ ሳላንቦጫርቅ፣ ከሥሩ የተጋገረው እንደ ጭስ ወደ ላይ እስኪነሳ ድረስ። በማግስቱ ጠዋት ጆሮዬን ክዳኑ ላይ ሳደርግ የሚንሾካሾክ ድምፅ ሰማሁ። በስድስተኛው ቀን 1.013 ነበር። 20 ወይም 21 ዲግሪ ይበቃዋል፣ እሳት አጠገብ አታስጠጉት።

4. *የሚበላ ስኳር መኖሩን እወቁ።* ሞቆ፣ ተነቃንቆም እምቢ ካለ ምናልባት ጨርሷል። ሩብ ሊትር ከቢራው ቅዱ፣ ንጹህ ጠርሙስ ውስጥ አድርጉ፣ ተመሳሳዩን እርሾ በብዛት ጨምሩበት፤ ከጠፋ የዳቦ እርሾም ለግምት ይረዳል። አፉን በላስቲክ ላላ አድርጋችሁ ሸፍኑትና ሞቅ ያለ ቦታ፣ ለምሳሌ ፍሪጅ ላይ፣ ለሁለት ሦስት ቀን አኑሩት፤ በየጊዜው ነቅነቅ አድርጉት። ከዚያ ለኩት። ጠርሙሱ 1.018፣ ባልዲውም 1.018 ከሆነ ቢራው አልተኛም፣ የሚበላው አልቆበታል። ምክንያቱ ብቅሉ ላይ ነው። ዝፍዝፉ ከ65 እስከ 67 ዲግሪ መቆየት ሲገባው 70ን ካለፈ እርሾ የማይበላው ስኳር ይበዛል፤ የተቆላ ብቅል ወይም እንኩሮ ካበዛችሁም እንዲሁ። ቴርሞሜትራችሁን በፈላ ውሃ ፈትሹ፤ 100 አትጠብቁ፣ ድሬ ላይ 96፣ ሐረር ላይ 94 አካባቢ ነው የሚፈላው። እንዲህ ያለውን ቢራ ማስነሳት አያስፈልግም፣ ወፈር ብሎ ጠጪው ይወደዋል።

5. *አዲስ እርሾ፣ ግን ነቅቶ።* ጠርሙሱ ወደ 1.011 ወርዶ ባልዲው 1.022 ላይ ከቀረ በእርግጥም ቆሟል። ደረቅ እርሾ በቀጥታ አትበትኑበት። አልኮል ያለበት፣ አየርና ምግብ ያለቀበት ቦታ ነው፤ ተኝቶ ከመጣ ተኝቶ ይቀራል። ከጥምቁ ቀን ያስቀራችሁትን አንድ ሊትር ዎርት (እኔ ሁሌ በሃይላንድ አድርጌ አቀዘቅዛለሁ) አፍልታችሁ አቀዝቅዙ፣ ኖቲንግሃም ጨምሩበት፣ በደንብ ናጡት። ግማሽ ቀን ወይም አንድ ቀን ቆይቶ አረፋው ሽቅብ ሲነሳ፣ በሙሉ ጉልበቱ እያለ፣ ሙቀቱ ከባልዲው ጋር ሲቀራረብ ጠጋ ብላችሁ በቀስታ አፍስሱት። ድሬ ላይ ሐምሌና ነሐሴ ከሆነ፣ ባልዲውም ከ28 የማይወርድ ከሆነ፣ በኖቲንግሃም ፋንታ ቮስ ተጠቀሙ።

ጠርሙስ ላይ አትቸኩሉ

በሦስት ቀን ልዩነት ሁለት ንባብ አንድ እስኪሆን ጠርሙስ አይሞላ። አንድ ጊዜ 1.020 ላይ ያለ ቢራ «ቆሟል» ብዬ ከስኳር ጋር አሸግኩ። በሁለተኛው ሳምንት ሌሊት አንዱ ጠርሙስ ፈነዳ፣ ከዚያ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው፤ ስብርባሪው ከማድ ቤቱ በር ላይ ተሰክቶ አገኘሁት። ልጆቹ ቀን ላይ እዚያ ይጫወቱ ነበር። ጠርሙስ ውስጥ እያንዳንዱ የሚወርድ ነጥብ ግማሽ እጥፍ ጋዝ ይጨምራል፣ ማለትም በአንድ ሊትር ቢራ ላይ ግማሽ ሊትር ጋዝ ነው። ጤነኛ ቢራ የሚፈልገው በጠቅላላው ሁለት ሊትር ተኩል ገደማ ነው። ስምንት ነጥብ ሳይወርድ የታሸገ ቢራ ከዚያ ላይ ተጨማሪ አራት ይሸከማል።

ንባቡ ሲቆም በሊትር 6 ግራም ስኳር በጥቂት ውሃ አፍልታችሁ ጨምሩ፣ ለ20 ሊትር 120 ግራም። አንዱን ሁልጊዜ በፕላስቲክ የለስላሳ ጠርሙስ ሙሉ። ሌሎቹን ሳጥን ውስጥ አድርጋችሁ በወፍራም ብርድ ልብስ ሸፍኑ፣ ልጅ በማይደርስበት ቦታ። ፕላስቲኩን በየቀኑ በአውራ ጣታችሁ ተጫኑት። ድሬ ላይ በአንድ ሳምንት፣ ሐረር ላይ በሁለት ሳምንት አካባቢ ይጠነክራል። እንደ ድንጋይ ሲሆንባችሁ ሁሉንም ወደ ፍሪጅ አስገቡ።